ዱላ የነበረው ብርሃን

ነሐሴ 23፣ ሐሙስ። ከቀኑ 11 ሰ.

የፋኖስ ብርጭቆ ስወለውል ዋልኩ። እጄ ጥላሸት ነው፤ ገጽህን ካቆሸሽኩ ይቅር በለኝ፣ ደብተሬ። ዝናቡ አባርቷል። ጉሙ ግን ከእንጦጦ ወርዶ ጊዮርጊስን ሸፍኖታል፤ ጉልላቱ አይታይም። የየቤቱ የባሕር ዛፍ ጭስ መሄጃ አጥቶ መንገዱ ላይ ተኝቷል። ዓይን ያቃጥላል፣ ጉሮሮ ይከረክራል። ለባትሪ ገበያ ግን ከዚህ የተሻለ ቀን የለም።

እነዚህ የእጅ ባትሪዎች ሰዒድ ያዘዛቸው የመጨረሻ ዕቃዎች ናቸው። ባሌን አላህ ይርሐመው። ከጅቡቲ በባቡር ሲደርሱ እሱ አልነበረም። ሣጥኑን ብቻዬን ከፈትኩ፣ ብቻዬን አለቀስኩ፣ ከዚያ አንዱን አንስቼ እንዴት እንደሚበራ ተማርኩ። ዘይት አይፈልግ፣ ክር አይፈልግ። ሆዱ ውስጥ ድንጋይ ይከተትለታል፣ በአውራ ጣት ሲጫኑት ይበራል። መጀመሪያ ማንም ዞር ብሎ አላየውም። ጉም በወረደ ማታ ደጄ ላይ ቆሜ ሳበራው ግን ነጭ ዱላ ከእጄ ወጥቶ መንገዱን ተሻገረ። ሰው ሁሉ ቆመ። አንድ ሽማግሌ ዱላውን ሊጨብጡት እጃቸውን ሰደዱ፤ ባዶ ሲሆንባቸው ራሳቸው ሳቁ። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ አበራለሁ፣ እሸጣለሁ።

ዛሬ ትልቁ ገዢ መጡ። ባሻ ደምሴ፣ የገበያው የሌሊት ዘበኞች አለቃ። ለሰዎቻቸው ሁሉ ገዙ። ሌባ ይህን ዱላ ከሩቅ ሲያይ እግሬ አውጪኝ ነው የሚለው አሉ። ጎረቤቴ ኸይሩ፣ ጆንያ ነጋዴው፣ ከደጁ ሆኖ አላስችል አለው። «እንግዲህ ዘሐራ፣ ባሻን ዱላ አስጨበጥሻቸው። እኛ በምን እንመክት?» ባሻም ሳቁ።

ደስ ብሎኛል። ሰዒድ ይህን ቢያይ ኖሮ። በቃ፣ ብርጭቆው ይጠብቀኛል።

ነሐሴ 29፣ ረቡዕ

ጋሼ ይማም ከደሴ ገቡ። የሰዒድ ታላቅ ወንድም። በቅሏቸው ጭቃ በጭቃ፣ እሳቸው ግን እንደ ሁልጊዜው ንጹሕ። ለወንድማቸው አብረን አለቀስን። ዕንባው ሳይደርቅ ወደ ነገሩ ገቡ። መንገዱ ሲደርቅ ሱቁ ይዘጋ፣ እኔም ከሳቸው ጋር ደሴ ልግባ። ባሏ የሞተባት ሴት አራዳ መሃል፣ ጠጅ ቤት ለጠጅ ቤት በሚዞር ሰው መሃል ብቻዋን አትቀመጥም። ቤታቸው ሰፊ ነው፣ ሚስታቸው ደግ ናት።

ክፉ ሰው አይደሉም። ክፉ ቢሆኑ ይቀለኝ ነበር። እናያለን ጋሼ አልኩ። በልቤ ግን አልሄድም። አልሄድም።

ጳጉሜን 2፣ ቅዳሜ። ጧት

ተያዝኩ። ጋሼ ይማም የሚያድሩት ሱቁ ውስጥ ነው፤ በእኔና በሳቸው መካከል መጋረጃ ብቻ። ለሱብሒ ሶላት ሲነሱ በመጋረጃው በኩል ብርሃን አዩ። ፋኖሴ ሲበራ እንደሚያድር ገባቸው። ጨለማ የምትፈራ ሴት እንዴት አድርጋ ሱቅ ትጠብቃለች አሉኝ። ረስቼው ነው አልኩ። ዋሸሁ።

አንተን አልዋሽም። ሰዒድ ከሞተ ጀምሮ መብራት አጥፍቼ ተኝቼ አላውቅም። ሳጠፋው ክፍሉ ጉድጓድ ይሆንብኛል፣ እኔ ደግሞ ታቹ። ዕቃ ቤት እንኳ በጠራራ ፀሐይ ፋኖስ ይዤ ነው የምገባው። የመብራት ነጋዴዋ ጨለማ ትፈራለች ብሎ የሚስቅ ይሳቅ።

ሱቁን ግን አልለቅም። አባቴ ለንግድ ይሆናታል ብሎ ፊደል ያስቆጠረኝ፣ ሰዒድ ሚዛኑን እጄ ላይ አድርጎ ያስተማረኝ፣ ደሴ ሄጄ የሰው ምድጃ ዳር እንድቀመጥ አይደለም።

መስከረም 9፣ ሐሙስ

ፀሐይ። ጉም የለ፣ ጭስ የለ። ጭቃው ተሰነጣጥቋል። ሰማዩ ታጥቦ እንደተደፋ ሳህን ነው። ማታ ማታ ኮከቡ ዝርግፍ ብሎ ይወጣል።

ሁሉም ሰው ደስተኛ፣ ከእኔ በቀር። ነሐሴ ላይ ባትሪ የገዛ የእህል ነጋዴ መጣ። ሞቷል አለ። አበራሁለት፤ በራ። አዎ ይበራል፣ ዱላውስ አለ። ድንጋዩን ቀየርኩ። ዱላ የለም። ከሰዓት ሌላ ሰው፣ ያንኑ ቃል። ማታ ሌላ። ሁሉም ዱላውን አምጪ ይላሉ፤ እኔ ደብቄ እንዳስቀረሁት።

ደግሞ አሞካከራቸው። አንዱ ደጄ ላይ ፀሐይ መሃል ቆሞ ግድግዳዬ ላይ አበራ፣ ምንም አላየም። ቀጥሎ መስታወቱን ወደ ገዛ ዓይኑ አዞረው። ዕንባው እየወረደ፣ ይህ ለዓይን እንጂ ለመንገድ አይሆንም ብሎኝ ሄደ።

ወሬው አራዳን ዞሯል። ዘሐራ ደህናውን አሳይታ የከሸፈውን ትሸጣለች።

መስከረም 11፣ ቅዳሜ

ክፉ ቀን። ትናንት ማታ ሸማ ተራ ተሰረቀ። ዘበኛው ጥጉ ላይ ባትሪውን አብርቷል፣ ምንም አላየም፣ ሊያልፍ ሲል ሌባው ከዚያው ካበራበት ጥግ ዘሎ ሮጠ። የሸማ ነጋዴዎቹ ባሻ ደምሴ ላይ ተነሡ፤ አለቅነቱ ይነሣ እያሉ ነው። ባሻ ደምሴ ደግሞ እኔ ላይ መጣ። (ዛሬ መጡ አልለውም።)

በሕግ አምላክ ብሎ አቆመኝ። ቆምኩ፤ ማን አይቆምም። መንገደኛው ተሰበሰበ፣ የነጠላዬን ጫፍ ከጋቢው ጫፍ ቋጠሩት። ከሳሽና ተከሳሽ እንዲህ ተቆራኝቶ ነው ዳኛ ፊት የሚቀርበው። በገበያው መሃል ለመሃል፣ እሱ ሲፈጥን እኔ እየተጎተትኩ፣ እኔ ስቆም እሱ እየተያዘ። ኸይሩ ከጆንያው ላይ ሆኖ፣ «ዘሐራ፣ ሠርግሽን ሳትጠሪኝ?» አለ። ልገድለው ደረስኩ፤ ሳቄም መጣ። ኋላ ነው ያለቀስኩት።

የነጋዴዎች ዳኛ ሰሙን። ክሱ ይህ ነው፦ በነሐሴ አንድ ዕቃ ሸጠች፣ በመስከረም ሌላ ዕቃ ሆነ። ማታለሌ ከተረጋገጠ ሱቄ ይታሸጋል፣ ገበያው ውስጥ ሁለተኛ አልቀመጥም። ከመስቀል በኋላ ላለው ረቡዕ ቀጠሩን። ዋስ ጥሪ ተባልኩ።

ጋሼ ይማም ቆሙልኝ። ደጅ ስንወጣ በቀስታ ተናገሩ። ከረታሽ ሱቁን አልነካብሽም፤ ከተረታሽ ግን ሌላ ቃል የለም፣ ደሴ ትገቢያለሽ። እሺ አልኩ። ምን ልበል። አሁን ቆሜ የምሟገተው ለባትሪ አይደለም፣ ለቤቴ ነው።

መስከረም 13፣ ሰኞ

ሥራ። ልቅሶ ይቆየን።

ፋኖሴን በግራ እጄ ይዤ ዕቃ ቤት ገባሁ። ካልተሸጡት አንድ፣ ሞተ ተብሎ ከተመለሰው አንድ ወሰድኩ። ጎን ለጎን ግድግዳው ላይ አበራሁ። ሁለቱም ክብ ክብ፣ ሁለቱም እኩል። የሞተው አልሞተም።

ከዚያ ሁለቱን አንድ ቦታ ላይ አነባበርኩ። እጥፍ ይሆናል ብዬ ነበር። አልሆነም፤ ትንሽ ፈካ፣ በቃ። አንዱን ሳጠፋ ደግሞ ጥቂት ደበዘዘ እንጂ ግማሽ አልሆነም። ሁለት ሰው የያዘው ሸክም ለሁለት ይከፈላል። ብርሃን ግን ዓይን ዘንድ ሲደርስ እንደዚያ አይከፈልም።

ሌላም ነገር አየሁ። የፋኖሴ ብርሃን ከባትሪው ክብ አጠገብ ሲሆን ቢጫ ነው፣ የቅቤ ቀለም። ዕድሜዬን ሙሉ ነጭ ይመስለኝ ነበር። የሚያወዳድረው ስላልነበረ ዓይኔ ነጭ ብሎ ተቀበለው።

ዓይን ዳኛ ነው ለካ፣ ያውም ፊቱ የቀረበለትን ብቻ የሚያይ ዳኛ። የእኔ ጉዳይ ደግሞ በእሱ እጅ ነው። ክቦቹ ግን ሁለቱም ገረጡብኝ። ለምን እንደገረጡ አላወቅሁም።

መስከረም 16፣ ሐሙስ። ማታ 1 ሰ.

ጉድ። ደመራው ጊዮርጊስ ፊት ተለኮሰ፤ ከሱቄ ደጅ ሆኜ አያለሁ። ችቦው፣ ዘፈኑ፣ የእርጥቡ እንጨት ጭስ መንገዱን ሞላው። ያ የእህል ነጋዴ ባትሪውን ከኪሱ አውጥቶ ሲያበራ ዱላው ወጣ። ነጭ፣ ረጅም፣ እንደ ነሐሴው። ዳነ ብሎ ጮኸ። ሌሎቹም እያወጡ አበሩ፤ አደባባዩ ዱላ በዱላ ሆነ። የተራገሙት ሁሉ ከሩቅ እጅ ነሡኝ።

ኸይሩ ባትሪሽ ለካ አውደ ዓመት ሲጠብቅ ኖሯል አለኝ። ሳቅሁ፣ ግን ሐሳቤ ሌላ ዘንድ ነው። ነሐሴና ደመራ ምን ያገናኛቸዋል? ብርዱ አይደለም። ሰዓቱም አይደለም። ድንጋዩም ያው ነው።

መስከረም 18፣ ቅዳሜ

ትናንት ጧት ነፋስ ጭሱን ጠራርጎ ወሰደ። ማታ ባትሪዎቹ እንደገና ሞቱ። እርግማኑም ተመለሰ።

ዛሬ ግን! ቆይ፣ በሥርዓት ልጻፍልህ። 12 ሰ. ገደማ ደጄ ቆሜ አንዱን ባትሪ እየለኮስኩ እያጠፋሁ ነበር። ኸይሩ ባዶ ጆንያውን ከግንቡ እያላተመ ያራግፋል። የጤፍ ብናኝ፣ የአፈር ብናኝ። ብርሃኔ በዚያ በኩል ሲያልፍ ዱላው ብቅ አለ! ከእጄ አልጀመረም። ብናኙ ካለበት ጀመረ፣ ብናኙ ባለቀበት አለቀ። ብናኙ መሬት ሲወርድ ጠፋ። ድገመው አልኩት። ደገመ፤ ዱላው ተመለሰ። ድገመው። ጆንያዬን ጨረስሽው አለ።

ገባኝ። ዱላው ብርሃኑ አይደለም፤ ብናኙ ነው። በአጠገቤ የሚያልፍ ብርሃን እኔን አያውቀኝም፣ እኔም አላየውም። የማየው አንድ ነገር መትቶ ወደ ዓይኔ የተመለሰውን ብቻ ነው። በነሐሴ ጉሙ መለሰልን፣ በደመራ ጭሱ። እንዲያውም ዱላው አምሮ የታየው ብርሃኑ ገና መንገድ ላይ ሲባክን ነው፤ ግድግዳው ዘንድ የሚደርሰው ያን ያህል ያንሳል። ሰው የገዛው ብክነቱን አይቶ፣ የመለሰልኝ ደግሞ ባትሪው ሳያባክን ደህና ሲሠራለት ነው!

ዘለልኩ ብልህ ታምነኛለህ? ነጠላዬ ወደቀ።

ኸይሩ አቧራውን ከጢሙ እያራገፈ ሰማኝና እንዲህ አለ። «ይሁን፣ ዱላውን አወቅሽው። ዘበኛው ግን ዱላ አልነበረም የሚፈልገው፣ ሌባ ነበር። ሌባውን ስለምን አላየውም?»

ቀዝቅዤ ተቀመጥኩ። እውነቱን ነው። ባሻም ዳኛ ፊት የሚጠይቀኝ ይህንኑ ነው፤ ሸማ ተራ ሄጄ ማየት አለብኝ።

መስከረም 20፣ ሰኞ

ከኸይሩና ከሚስቱ ጋር ሆኜ ሸማ ተራ ሄድኩ፣ ዘበኞቹ ሲሰማሩ ላይ። ሲመሽ ያለ ፋኖስ መሄድ ክልክል መሆኑን ታውቃለህ፤ ያለ መብራት የተገኘ ሁሉ ሌባ ነው። ዘበኛ ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ ይጠነቀቃል። ፋኖሱን ከፊቱ ትክክል ከፍ አድርጎ ይይዘዋል፣ ማንነቱ ከሩቅ እንዲታይ። ባሻ ደምሴ እንዲህ ነው የሚያዛቸው። ሰዎቹም ባትሪው ከመጣ ወዲህ ፋኖሱን አልተዉም። ግራ እጅ ፋኖስ ጉንጭ ላይ፣ ቀኝ እጅ ባትሪ።

አንዱን ዘበኛ ለመንኩት። ያንን ጥግ አብራልኝ አልኩ። አበራ። ምን ታያለህ? ምንም። እኔ ከጀርባው ቆሜአለሁ፤ ፋኖሱን ትከሻው ከልሎልኛል። ጥጉ ውስጥ የቆመ ጋሪ አየሁ፣ የጋሪውን መንኮራኩር፣ ከሥሩ የተጋደመች ድመት። ድመቷ ጆሮዋን ስታነቃንቅ እንኳ አየሁ። ያው ባትሪ፣ ያው ጥግ። ፋኖሱን ዝቅ አድርገውና እይ ብለው እሺ አላለኝም። ፊቱን የሸሸገ ዘበኛ ከሌባ በምን ይለያል፣ ባሻ ይቀጡኛል አለ።

የሚረብሸው ባትሪው አይደለም። አፍንጫው ላይ ያለው ፋኖስ ነው። ዓይን ለቅርቡ ብርሃን ራሱን አጥብቦ፣ ለሩቁ የሚተርፈው የለም። በነሐሴ ማንም ይህን ልብ አላለም፤ ዱላው ሲያምር ጥጉን ማን ያያል።

እየተደሰትኩ ስመለስ መንገድ ላይ ደነገጥኩ። እኔስ? ዕቃ ቤት ፋኖስ ይዤ ገብቼ አይደል ክቦቹ ገረጡብኝ ያልኩህ? ዳኛ ፊት ላሳይ ከሆነ መጀመሪያ ያለ ፋኖስ ገብቼ ማየት አለብኝ። በሩን ዘግቼ።

መስከረም 21፣ ማክሰኞ

ገባሁ። በሩን ዘጋሁ። ጉድጓዱ መጣ። ልወጣ እጄን በሩ ላይ አደረግኩ፣ መለስኩት። ፋቲሓ ቀራሁ። ደገምኩ። ቁጭ አልኩ። ምንም የለም፣ ጨለማ፣ የልቤ ድምፅ።

ከዚያ በበሩ ሥር አንድ ክር ብርሃን። ከብዙ ቆይታ በኋላ የመደርደሪያው ጠርዝ። ከዚያ የጠርሙሶቹ ሰልፍ፣ የገዛ እጄ። ማንም አላበራልኝም። ባትሪውን በነጠላዬ ጠቅልዬ አፍኜ ባበራው እንኳ ክፍሉ ዳር እስከ ዳር ታየ፣ የሸረሪት ድር ሳይቀር። (ይጠረግ።)

አለቀስኩ። ፍርሃት አይደለም፤ ምን እንደሆነ አላውቅም። ነገ ነው።

መስከረም 22፣ ረቡዕ። ማታ 12 ሰ.

ከየት ልጀምር። ዳኛው ሱቄ ድረስ እንዲመጡ ለመንኩ፤ መጡ። እኔና ባሻ ደምሴ እንደገና ተቋጠርን። ጋሼ ይማም ዋሴ ናቸውና አሉ። ኸይሩ ከነጆንያው።

ቸኮልኩ። ቸኩዬ ተበላሸሁ። ከቀትር ፀሐይ ወደ ዕቃ ቤት እንደገቡ በሩን ዘግቼ ባትሪውን አበራሁ። ዳኛው አዩና ይህማ ከክብሪትም አይሻልም አሉ። ባሻ ጉሮሮውን ጠረገ። ጋሼ ይማም በረጅሙ ሲተነፍሱ ሰማሁ። በዚያች ቅጽበት ደሴ ገብቼ ነበር፣ እመነኝ።

ትናንት ራሴ ስንት እንደጠበቅሁ ትዝ አለኝ። አጠፋሁት። «ጌታዬ፣ ፍርድዎን ትንሽ ያቆዩልኝ። ዓይንዎ ገና ፀሐይ ላይ ነው» አልኩ። ዳኛ ጨለማ ውስጥ ቁጭ ብሎ ምን ይሠራል አሉ። ቢሆንም በርጩማው ላይ ተቀመጡ፤ ምናልባት ደክሟቸው። ኸይሩ ዝም ማለት የማያውቅበት ነገሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠቀመኝ። ስለ ጆንያ፣ ስለ አይጥ፣ ጆንያ ውስጥ ስለተኛ አይጥ አወራ። ዳኛው አንዴ ሳቁ። ሁለተኛ ሳቁ። ከዚያ ወሬውን አቋርጠው፣ «ይህ ጥጉ ላይ ጺሙን የሚያሻሸው ማነው?» አሉ።

ጋሼ ይማም ነበሩ። እኔ ገና ምንም አላበራሁም።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ራሱ ተናገረ። ባትሪውን በነጠላ አፍኜ አበራሁ፤ ዳኛው የሩቁን ግድግዳ ስንጥቅ በጣታቸው እያሳዩ ቆጠሩ። ነጠላውን ገልጬ ስለቀው ዓይናቸውን ከለሉ። ክብሪት ያሉት ይህንን ነበር።

ባሻ ደምሴን ለመንኩት። ሰዎችዎ እንደሚይዙት ይያዙልኝ። ፋኖስ ለኩሼ ሰጠሁት። ጉንጩ ላይ አደረገው፣ በቀኙ ባትሪውን ወደ ሌላኛው ጥግ አበራ። ማን አለ ብዬ ጠየቅሁ። አየ፣ አፈጠጠ፣ ዞሮ ዞሮ አየ። ማንም የለም አለ። ከጥጉ ድምፅ መጣ፦ «ባሻ፣ ሰረቅኩዎት።» ኸይሩ ከቁም ሣጥኑ አጠገብ ወገቡን ይዞ ቆሟል። ዳኛው እስኪያስላቸው ሳቁ። ባሻ ፋኖሱን ቀስ አድርጎ ወደ ኋላው ዝቅ አደረገ። ትንሽ ቆየ። አየሁት አለ። ድምፁ ሌላ ሆኖ ነበር።

ጆንያውን መጨረሻ ላይ አራገፍን፤ ዱላው ወጣ፣ ዱላው ጠፋ። ሌላ ክርክር አልነበረም። ባትሪው ያው ነው፣ የተለወጠው አየሩ ነው ብለው ፈረዱ። ዘበኞችም ፋኖሱን ከወገብ በታች ወደ ኋላ ይያዙ፤ ማነህ ሲባሉ ብቻ ወደ ፊት ያውጡት።

ቋጠሮውን ባሻ ራሳቸው ፈቱት። ጠብቆ ኖሮ በጥርሳቸው። ለሸማ ነጋዴዎቹ ምን ብዬ ልንገራቸው አሉኝ፣ ቀስ ብለው፤ አፍረው ነበር። ወደዚህ ያምጧቸው፣ እኔ አሳያቸዋለሁ አልኩ። ጨለማውን ይቀመጡበታል። ባሻ ከዛሬ ጀምሮ እንደገና እሳቸው ናቸው።

መስከረም 23፣ ሐሙስ። ጧት

ረታሁ ብዬ ተኛሁ፤ ፋኖሴን አብርቼ። አዎ፣ አብርቼ። ዕቃ ቤት በቀን ሌላ ነው፣ አልጋ በሌሊት ሌላ።

ጋሼ ይማም ጧት ደስ ብሏቸው ተነሡ። ቃሌ ቃል ነው፣ ሱቁ ያንቺ ነው አሉ። ቀጥለው ነጋዴነታቸው መጣ። ማታ ማታ ደጅሽ ላይ እርጥብ የባሕር ዛፍ ቅጠል አጭሺ፤ ዱላው ይወጣል፣ የቀረው ሣጥን ሳይውል ሳያድር ያልቃል። ትናንት ከኸይሩ ጆንያ የተማሩት ይህንን ነው።

አላስጎመጀኝም አልልህም። አስጎመጀኝ። ባትሪዎቹ ሰዒድ ያዘዛቸው ናቸው፣ ቢያልቁለት ደስ ይለው ነበር። ነሐሴ ላይም ያደረግኩት ይህንኑ አይደል? ግን ያኔ አላወቅሁም፤ ዛሬ አውቃለሁ። እያወቅሁ ጭስ ከሸጥኩ ባሻ ደምሴ ያኔ ትክክል ነበሩ ማለት ነው። አይሆንም ጋሼ አልኩ። ገዢው ዕቃ ቤት ገብቶ ይቀመጣል፣ ዓይኑ እስኪመለስለት ይጠብቃል፣ ከዚያ አይቶ ይገዛል።

ጋሼ ይማም ሻያቸውን አስቀመጡ። «አንቺ ራስሽ የማትቀመጪበት ጨለማ ውስጥ ሰው ቁጭ ብሎ ዕቃ ይገዛል? ፋኖስሽ ትናንትም በርቶ አደረ፣ ልጄ። እኔ ነገ ጧት መንገደኛ ነኝ። ቃሌን አላጥፍም፣ ግን አንቺን እንዲህ ትቼ ስሄድ ልቤ እሺ አይለኝም። አብረሽኝ ነይ።»

አላዘዙኝም። ለመኑኝ። ቢያዙኝ እምቢ እል ነበር። ብርጭቆዬን አንሥቼ መወልወል ያዝኩ።

ያው ቀን። ማታ 2 ሰ.

ጋሼ ይማም ከመጋረጃው ወዲያ ጋደም ብለዋል። አልተኙም፤ ሲገላበጡ ይሰማኛል። በመጋረጃው በኩል ብርሃኑን እያዩ ነው።

ሰዒድ፣ ናፍቀኸኛል። ለደብተሩ ስጽፍ ላንተ ተጻፈ፣ ይሁን። እስከ ዛሬ መብራቱን ያላጠፋሁት ካጠፋሁት በእውነት የለህም ማለት ስለሆነ ነው። ይህን ዛሬ ነው የማውቀው።

መጀመሪያ ምንም አይታይም። ይህን ተምሬአለሁ። ለዳኛ ያስተማርኩትን ለራሴ ላስተምር።

አጠፋሁት።

መስመሩ ከተጣመመብህ ጨለማው ነው። ጉድጓዱ መጥቷል። ፋቲሓ። ክብሪቱ እጄ ሥር ነው፤ አልነካውም። እዚያ ማዶ መገላበጡ ቆመ። አይተዋል።

አሁንም ምንም። እጠብቃለሁ።

የመስኮቱ ጠርዝ። ውሃ ቀጂው ቅል። ግድግዳው ላይ አንድ ነጭ ነገር፣ ምን ይሆን፣ ከምስማሩ ላይ። ኮፍያህ ነው። ለካ እዚያው ነበር። በፋኖሱ ብርሃን ስንት ቀን አጠገቡ አልፌ አላየሁትም።

ተነሥቼ ስንቅ ልቋጥር። ጋሼ ይማም በጧት ይነሣሉ። ጭኮው፣ ቆሎው። ለአንድ መንገደኛ ብቻ።